አማት የምትሞትበት ምሽት

«ዝናብ መጣ መሰለኝ» አሉ እትዬ ፉሳኤ። «ነው ወይስ ጆሮዬ ነው ሃትሱዬ? የሰኔ ሰማይ እኮ እንደ ሰው ነው፤ ሲስቅልሽ ቆይቶ ጀርባሽን ስታዞሪ ያፈስብሻል... እኔስ ጥላዬን ይዣለሁ። በር ሥር ለሚቀመጥ ሰው ጥላ ሳይሻል አይቀርም፤ ንፋሱም ይገባል፣ ወጪ ወራጁም ይረግጣል። ግን ደስ ይላል! አየሩ ንጹሕ ነው። እዚያ ጥግ ያለው ቦታ ያፍናል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።»

ጠቡ ከተጀመረ ቆይቷል። ግን ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም፤ ዕቃም አልተወረወረም። እንግዳ ሰው ብቅ ቢል ሦስት ሴቶች ስለ ዝናብ ይጫወታሉ ብሎ በሩን መልሶ ይዘጋው ነበር።

ነገሩ የመስታወት ነው። በዚያ የቶኪዮ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ በሴት ተዋንያን መልበሻ ክፍል፣ መስታወቶቹ በግድግዳው ላይ በተርታ ተደርድረዋል። ከበሩ የራቀው የታላቅ ነው፤ ከበሩ አጠገብ ያለው የአዲስ መጤ ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ የሚስተውም የለም። ዛሬ ግን በታላቋ መስታወት ፊት የተነጠፈው መቀመጫ ትራስ የወጣቷ ተዋናይ የቺዙሩ ነበር። እትዬ ፉሳኤ ገቡ፤ ትራሱን አዩት፤ ለትራሱ ጎንበስ ብለው «እንደምን አደርሽ» አሉት። በዚያ ሙያ ቢነጋም ቢመሽም ሰላምታው «እንደምን አደርሽ» ነው። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሰው፣ አዲስ መጤዎች በሚቀመጡበት ቦታ፣ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ፀጉር ሠሪዋ ሃትሱ ዊጉን ይዛ ተከተለቻቸው።

ቺዙሩ ቀና ብላ አላየችም። ጽሑፍ የምታነብ መሰለች።

በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አገሩ ሁሉ የቴሌቪዥኑ ሣጥን ፊት ተሰብስቦ የሚያያት ሙሽራ እሷ ናት። እትዬ ፉሳኤ ደግሞ አማቷ ናቸው። ያኔ ቴሌቪዥን ገና ለጋ ነው፤ ድራማው ሁሉ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፤ የተሳሳተ አይታረም። ዛሬ ማታ አማቲቱ ትሞታለች። ሙሽራዋ በሬሳዋ ላይ ተደፍታ ለብቻዋ ረጅም ንግግር ታደርጋለች። የፕሮግራሙን ወጪ የሚሸፍኑት የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ከስቱዲዮው መቆጣጠሪያ ክፍል መስታወት ጀርባ ተቀምጠው ሊያይዋት ይመጣሉ። ንግግሩ ከሠመረላት፣ ከመከር ጀምሮ ፕሮግራሙ በእሷ ስም ይጠራል። ቺዙሩ በሕይወቷ እንደዚህ የተመኘችው ነገር የለም።

ችግሩ አንድ ነበር። ንግግሩ ጭንቅላቷ ውስጥ አልረጋም። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ በልምምዱ ሰዓት፣ ረዳቷ ንግግሩን በሙሉ ሟቿ በምትለብሰው ብርድ ልብስ አንገት ላይ፣ ከውስጥ በኩል በቀለም ጽፋላታለች። ሬሳው ላይ ስትደፋ ገለጥ አድርጋ ታነበዋለች። ስለዚህ ቺዙሩ ስለ ንግግሩ አልተጨነቀችም። የጨነቃት ሰላምታው ነው። ዛሬም እንደ ወትሮው እትዬ ፉሳኤ ፊት ተንበርክካ «እንደምን አደሩ» ልትል አስባ ነበር የመጣችው። ሲገቡ ግን ፊታቸውን ማየት አቃታት። ምክንያቱን ታውቀዋለች። አሁን ሰዓቱ አልፏል፤ ያለፈ ሰላምታ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

«ዛሬ ጠዋት ያሳቀኝን ልንገርሽ?» አሉ እትዬ ፉሳኤ ለሃትሱ። «ዓሣ ሻጩ! ከቤቴ ስወጣ ጠራኝና ይህን የሚያህል ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሒሳቡስ ስለው ዐይኑ እንባ አቀረረ። 'እትዬ፣ ይብሉት። ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ፤ ዛሬ ማታ ይሞታሉ አሉ' አይለኝም? ምን እለዋለሁ! ቆሜ አጽናናሁት። ሟቿ እኔ፣ አጽናኟም እኔ። 'አይዞህ፣ ሳልሠቃይ ነው የምሄደው፤ የሚያስታምሙኝ ደጋግ ሰዎች ናቸው' አልኩት። ውሸቴን ነው እንዴ ሃትሱዬ?»

ሃትሱ ማበጠሪያዋን ነከሰችና ዊጉን አስተካከለች።

«ስለ ደግ ሰው ካነሣን... አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። አንቺ አታውቂያትም። ሌላ ጣቢያ ነው፣ የድሮ ነው። እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ! በረዶው ጣራ ከሚደርስበት ከሰሜን አገር የመጣች። ወላጆቿ የእህል ስም ነበር ያወጡላት። ደግ ገበሬዎች ናቸው፤ የሚበላ ነገር ነው ያሰቡት። ከተማ ስትገባ ስሟን የወፍ አደረገችው። ምን ክፋት አለው? እህል መሬት ለመሬት ነው፣ ወፍ ግን ትበራለች... የዘሩላትን ለቅማ ትበራለች።»

የቺዙሩ እጅ የዱቄት መቀቢያውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ስሟ ሺህ ሽመላ ማለት ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ዮኔ ነው፤ ሩዝ። ይህን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገረችው፤ በበረዶው ወራት፣ በዚህችው ክፍል፣ እትዬ ፉሳኤ ትኩስ ሻይ ቀድተውላት እጇን እያሟሟቁላት ሳለ።

መልስ መስጠት አትችልም። «ስለኔ ነው?» ካለች «ስምሽን ማን ጠራ?» ትባላለች። ዝም ካለችም የዚያች ልጅ ታሪክ ይቀጥላል።

«የመጀመሪያ ሥራዋ በትልቅ መደብር ሊፍት ውስጥ ነበር። ነጭ ጓንት አድርጋ 'ወደ ላይ ነው'፣ 'ወደ ታች ነው' ማለት። በቃ፣ ይኸው። ሃትሱዬ፣ እነዚያን ቃላት አንድ ቀን እንኳ ረስታ አታውቅም ይሏታል! እንዲህ ያለ ጭንቅላት የት ይገኛል? ብቻ 'ወደ ታች' ስትል ድምጿ ደከም ይል ነበር አሉ። ወደ ላይ ነበር የሚቀናት... አብረዋት የወጡት ሰዎች በየፎቁ ይወርዳሉ፤ እሷ አትወርድም። ሥራዋ ነው፣ ምን ታድርግ።

«ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ አገኘች። በቀጥታ የሚተላለፍ። ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት ሸሚዝ ሰጧትና 'በዚህ ሳሙና እሺው፣ ሲነጣ ለሕዝቡ አሳዪ' አሏት። አሸችው። ቀለሙ ወይ ፍንክች! ጭራሽ ሰፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራው ፊት ያለቅስ ነበር። ይቺ ልጅ ግን ያንን ጉድ ከፍ አድርጋ፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ፣ 'ተመልከቱ፣ እንዴት እንደነጣ!' አለች። አየሽልኝ? ተዋናይ ማለት ይቺ ናት። አገር ሙሉ ጥቁሩን እያየ ነጭ ነው አለ! ለሳሙናው ባለቤትም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው ሆነች። ሳሙናቸው ያላጠበውን እሷ አጥባላቸው የለ!»

እትዬ ፉሳኤ ሻያቸውን ፉት አሉና ጽዋውን በቀስታ አስቀመጡት።

«ታዲያ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አይደል? ሙሽራ ሆና ወደ አንድ ቤት ገባች፤ በድራማ ማለቴ ነው። አማት የሆነችው አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ሞኝ ቢጤ ናት። ልጅቱን ይዛ፣ እንዴት ጎንበስ እንደሚባል፣ ሩዝ ጎርሶ እንዴት እንደሚነገር፣ ወደ ካሜራ ሲዞሩ የትኛው እግር እንደሚቀድም ስታሳያት ዋለች፣ ከረመች። አንድ ነገር ብቻ ሳታስተምራት ቀረች፤ ማልቀስ። ለማልቀስ አስተማሪ አላስፈለጋትም። ልጅቱ በአንድ ዐይኗ ነው የምታለቅሰው! በካሜራው በኩል ባለው። ወዲያኛው ዐይኗ ደረቅ ነው፤ ሰዓት ያይላታል። እኔ ነኝ እንጂ ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም ሳባክን የኖርኩት!»

ሃትሱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ሳለች። ቺዙሩ በመስታወቷ ውስጥ አየቻት። ሃትሱም አየቻትና ዐይኗን ወደ ዊጉ መለሰች።

*ብርድ ልብሱ አለ* አለች ቺዙሩ ለራሷ። *የፈለጉትን ይበሉ፤ ብርድ ልብሱ አለ።*

«ብቻ ያለ እንከን የተፈጠረ የለም» ቀጠሉ እትዬ ፉሳኤ፣ እንደማዘን ብለው። «ቃል አይረጋላትም ነበር። ጭንቅላቷ ባዶ ሆኖ አይደለም፤ ምን በወጣት! ሐሳቧ ሩቅ ስለሆነ ነው። ታዲያ አሮጊቷ የልጅቱን ቃላት በማራገቢያዋ ላይ ታስጽፋለች፣ ማራገቢያውን ወደ ልጅቱ አዙራ ትይዝላታለች። በሙቀቱ ወራት ጥሩ ነው። በጥር እኮ ነው! ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ይወርዳል፣ ባልየው ካፖርት ደርቦ ይንቀጠቀጣል፣ አሮጊቷ ቁጭ ብላ ታራግባለች! ተመልካቹ 'እኚህ ሴትዮ ምን ነካቸው?' ብሎ ደብዳቤውን አዘነበው። የውስጥ ትኩሳት ነው ብለው ከየአገሩ መድኃኒት ላኩላት። ከደቡብ፣ ከኪዩሹ ደሴት አንድ አዛውንት የደረቀ እባብ ፈጭተው ልከዋል፤ በሙቅ ውሃ ይጠጡት ብለው! አሮጊቷ ምን ትበል? 'ትኩሳቱ የኔ አይደለም' ትበል? አመስግና ጻፈች። እባቡንም አልጣለችውም... እባብ ሲያቅፉት ይለምዳል ብላ።

«ደግሞ የፍጅሉን አልነገርኩሽም! አንድ ሐሙስ ማራገቢያው አይመችም፤ አሮጊቷ ገበያ ሄዳለች ተብሏል። ልጅቱ ወጥ ቤት ሆና ያንን ረጅም ነጭ ፍጅል እየከተፈች ለባሏ ልቧን ትገልጣለች። ቃሏን የት ይጻፉላት? ፍጅሉ ላይ ጻፉላት። መቼም አሳቢ ጠፍቷል፤ እሷም ከጫፉ ጀምራ ትከትፋለች፣ ትከትፋለች... ቃሏን እየከተፈችው እንደሆነ ግማሽ ላይ ደርሳ ነው የገባት። ቢላዋውን ጣለች። የተረፈውን ፍጅል በሁለት እጇ አንሥታ፣ ወደ ዐይኗ አስጠግታ፣ 'ካለ አንተ መኖር አልችልም' አለችው። ፍጅሉን! ባሏ ከኋላዋ ቆሞ ቀረ። እንግዲህ በኛ ሙያ ቃሉን የማይችል ተዋናይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ፤ ፍጅል ነው የሚባለው። አንድ ባለጌ የመብራት ሠራተኛ 'ከሁለቱ ፍጅሏ የትኛዋ ናት?' ብሎ ጠየቀ። እኔ አፉን አስያዝኩት። 'ነውር ነው! አንደኛዋ እኮ ቢያንስ ወጥ ይወጣታል' አልኩት።»

ከጥጉ መስታወት በኩል የዱቄት ቆርቆሮ ክዳን ጣ ብሎ ተዘጋ። እትዬ ፉሳኤ አልሰሙም፤ ወይም ዝናቡ መሰላቸው።

«አንድ ቀን ብቻ ማራገቢያው ከአሮጊቷ እጅ ወደቀ። ሰው ነው፣ ይወድቃል። ካሜራው የልጅቱ ፊት ላይ ነው። አፏን ከፈተች... ዝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ የዚያን ቀን አፉ ዝም ብሎ ክፍት ነበር። አገር ሙሉ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብሎ ሣጥኑን በጥፊ ያጮለው ነበር አሉ! አሮጊቷ ጭንቅ ቢላት 'ዝናብ መጣ መሰለኝ፣ ልብሱን አስገቢ!' ብላ ጮኸች። ልጅቱ ሮጣ ወጣች፣ ከግድግዳው ኋላ ቃሏን አነበበች፣ ደረቅ ልብስ ታቅፋ ተመለሰች። በማግስቱ ጋዜጣው ምን ቢል ጥሩ ነው? 'በቴሌቪዥን ታሪክ እንደዚያ ያለ ጥልቅ ዝምታ ታይቶ አያውቅም!' እውነቱን ነው። ጥልቅ ነበር። ወርደሽ ወርደሽ ምንም የማታገኚበት ጉድጓድ፣ ጥልቅ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

ያ ዝምታ እስከ ዛሬ በቺዙሩ ሕልም ይመጣል። መብራቱ ፊቷን ይጠብሳታል፣ የካሜራው ቀይ መብራት ይበራል፣ በአፏ ውስጥ ግን ምላስ ብቻ አለ፣ ቃል የለም። ሁልጊዜ ከሕልሟ የምትነቃው በዚያ ድምፅ ነው፤ «ዝናብ መጣ መሰለኝ»። አሁን ገባት። እትዬ ፉሳኤ ወሬያቸውን በዝናብ የጀመሩት ስለ ሰማዩ አልነበረም።

«ስትታወቅ ጊዜ መጽሔት ጠየቃት» አሉ እትዬ ፉሳኤ። «'ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?' 'ማንም አላስተማረኝም፣ ከተፈጥሮዬ ነው' አለች። ስንቶቹ ተቆጡ መሰለሽ! አሮጊቷ ግን እፎይ አለች። ምን ታርግ፤ ያንን ሁሉ እኔ ነኝ ያስተማርኩ ብላ አደባባይ ትውጣ? ልጅቱ አሮጊቷን ከሐሜት ነው ያዳነቻት። እንዲህ ያለ አሳቢነት ከየት ይመጣል?

«አሳቢነቷስ መች አበቃ! ደራሲው አሮጊቷን ወደ ገጠር ሊልካት ነበር አሉ፤ ወደ እህቷ ቤት። የገጠር አየር ይስማማታል፣ ስትፈልግ ትመለሳለች ብሎ። አንድ አሳቢ ሰው፤ ማን እንደሆነች አልታወቀም፣ ስሟም አልተጠራም፣ እኔም አልጠራም... 'መንገዱ ያደክማታል፣ ብትሞት አይሻላትም?' አለች። 'ቤቱም ይሰፋል' አለች። አልተሳሳተችም እኮ፤ የቶኪዮ ቤት መቼ ይበቃል? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር፤ ሞት ስታስተምር ግን የመጀመሪያዬ ነው። እሺ፣ ትሙት ተባለ። ደራሲው ባቡር ይግጫት አለ። ይቺ አሳቢ 'አይሆንም! ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ፣ በእጄ ላይ ትሙት' ብላ ለመነችላት። ባቡር የገጨው ሰው ላይ ብዙ አይለቀስማ!

«አበባውንስ አየሽው?»

ሃትሱ ወደ ክፍሉ ማእዘን ዞር አለች። ከሥራ ለሚሰናበት ተዋናይ አበባ መስጠት ልማድ ነው፤ ቺዙሩም አዝዛ ነበር። ረዳቷ ለአበባ ሻጩ ስልክ ደውላ የእትዬ ፉሳኤን ስም ስትነግረው፣ አበባ ሻጩም ጋዜጣ አንባቢ ኖሮ፣ እያለቃቀሰ ትልቅ የነጭ አበባ ክምር ላከ። ለመቃብር የሚላከውን ዓይነት። ጥቁር ጥብጣብም አስሮበታል።

«ሌላ ሰው ለሚሰናበት ሰው ቀይ ያመጣል፣ ቢጫ ያመጣል፤ ለዛሬ ብቻ የሚሆን። እዚህ ቤት ግን አርቆ አሳቢ አለ። ይኼ ለዛሬም ይሆናል፣ ለዚያን ጊዜም ይሆናል። እቤቴ ወስጄ ደጄ ላይ አቆመዋለሁ፤ ዓሣ ሻጩ ሲያይ ቁርጡን ይወቅ።» ሳቅ አሉ። «እኔማ ምን ቸገረኝ? አርፋለሁ። ጠዋት እተኛለሁ፣ ሐሙስ ማታ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን አያለሁ። 'እንደምን አደራችሁ'ንም በእውነተኛው ጠዋት ለጎረቤቶቼ እላለሁ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ማን ጠርቶ...»

ቃላቸው ቆመ።

የሃትሱ ማበጠሪያም ቆመ። ከበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ የእትዬ ፉሳኤን የልብስ ጠርዝ አንድ ጊዜ አነሣና ተወው። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ፊት ለአንድ አፍታ የማንም አማት አልነበረም፤ የደከማቸው ሴት ፊት ነበር።

«...ማን ጠርቶ ዊግሽ ተጣሟል ይለኛል ልል ነው እንጂ!» አሉ። «ጠበቅ አድርጊው ሃትሱዬ። ዊጉ የወደቀ ሬሳ ያሳፍራል።»

ቺዙሩ ትራሷ ላይ ዞረች። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። ተነሥቼ፣ መስታወቶቹን ሁሉ አልፌ፣ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ፣ «እንደምን አደሩ» ልበል። ይህን ቃል ማንም ሊጽፍልኝ አያስፈልግም። ጉልበቷ ከትራሱ ተነሣ።

በሩ ተንኳኳ። የመድረክ መሪው ከውጭ ሆኖ ሊጀመር እንደሆነ፣ የሳሙናው ባለቤትም መጥተው እንደተቀመጡ ተናገረና እየሮጠ ሄደ።

ቺዙሩ ተመልሳ ተቀመጠች። ከስርጭቱ በኋላ እላቸዋለሁ፣ አለች። ሲያልቅ። አሁን ሰዓት የለም። *ብርድ ልብሱ አለ።* ጥቁር የሐዘን ልብሷን አስተካከለች።

«ውይ፣ ልረሳው!» አሉ እትዬ ፉሳኤ፣ ከንፈራቸውን ለሞት የሚያገረጣውን ቀለም እያስቀቡ። «የብርድ ልብሱን ነገር አልነገርኩሽም።»

ቺዙሩ መታጠቂያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ልምምዱ ሲያልቅ፣ እስቲ የምሞትበትን አልጋ ልየው ብዬ ወረድኩ። ሰው መኝታውን ቢያይ ነውር የለውም። የብርድ ልብሱን አንገት ገለጥ ባደርገው... ሃትሱዬ! ምን የመሰለ ቀለም! ከዳር እስከ ዳር ጥቁር በጥቁር። የትኛው ሥርዓት የለሽ እጁን እንደጠረገበት እንጃ። 'ምን ይል ነበር?' እንዳትዪኝ፣ መነጽሬን አልያዝኩም። ደነገጥኩ። ዛሬ የሚመጣው ማን ነው? የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት! እሳቸው ፊት በቆሸሸ ብርድ ልብስ ልሙት? እኔስ ልሙት፤ የቤቱን ሙሽራ ምን ይሏታል? የአንገቱን ልባስ ስፌቱን በጥርሴ ፈታሁት፣ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት፣ በራሳቸው በሰውየው ሳሙና አሸሁት... ለቀቀ! ሙልጭ አለ! ስንት ዘመን ሳማው የኖርኩት ሳሙና ቀለም ያስለቅቃል ለካ! የሚያሽ እጅ ነው የጠፋው። በስቱዲዮው መብራት ሥር ሰቀልኩት፣ ወዲያው ደረቀ፣ መልሼ ሰፋሁት። አሁን ብታዪው እንደዚያ እንደ ሰሜን አገር በረዶ ነው። ነጭ፣ ዝም ያለ።»

ሃትሱ ማበጠሪያው ከእጇ አመለጣት። አላነሣችውም።

ቺዙሩ ቃላቱን ለማስታወስ ሞከረች። የመጀመሪያውን። «እማማ» ነው የሚለው፤ ወይስ «እናቴ»? ከዚያስ? ከዚያ ነጭ ነው።

«እኔ እንግዲህ የሞትኩ ሰው ነኝ» አሉ እትዬ ፉሳኤ በለስላሳ ድምፅ። «ፊቴ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ያደርጉብኛል፣ ዐይኔን ጨፍኜ ጋደም ማለት ነው። የሞተ ሰው አያራግብም። የሞተ ሰው 'ዝናብ መጣ' አይልም... ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ካልወጣስ የት እንደሚደርስ ዛሬ ጋደም ብዬ እሰማለሁ።

«ያቺን ልጅ ግን፣ የትም ትሁን የትም፣ ልመርቃት። እናት ለልጇ ክፉ አትመኝም። ልጄ፣ ከእንግዲህ የማንም ማራገቢያ አያሻሽ። ቤትሽ ሰፊ ይሁን፤ የሚያጨናንቅሽ፣ ከወጥ ቤት የሚጠራሽ አይኑር። በሰው እጅ የተጻፈው ሳይሆን በልብሽ ያለው ብቻ ይውጣ፤ ያለሽን ሁሉ፣ አንዲት ሳትቀር፣ አገር ይስማልሽ። ሰውየውም ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ጥልቀትሽን ይዩት። ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ በይ። አፍሽን ስትከፍቺም... ቃል አይጥፋሽ። ይሁን በይ እንጂ ሃትሱዬ!»

ቺዙሩ ተነሣች። ከጥጉ መስታወት እስከ በሩ ያለው መንገድ በእትዬ ፉሳኤ ጀርባ ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መውጫ የለም። መስታወቶቹን አንድ በአንድ አልፋ ከኋላቸው ስትደርስ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ ዐይን ለዐይን ተገናኙ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ። የገረጣው የሟች ፊት ጠበቃት፤ ፈገግ እንዳለ፣ ጆሮውን እንደሰጠ።

ቺዙሩ አፏን ከፈተች።

ውጭ፣ ጣራው ላይ፣ የምር ዝናብ ጀመረ።

አፏን ገጠመች፤ በሩን ከፈተች፤ አንድም ቃል ሳይወጣት መብራቱ ወደሚነድበት ወደ ስቱዲዮው ሄደች።